ስለ ጕልበት ሕመምና ስለ ግንደ ሕዋስ መርፌ

የቅርብ ዘመዳችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጕልበታቸው ከታመመ ብዙ ዓመት ሆኖአል። ዛሬ ከወንበር ለመነሣት የሁለት ሰው እጅ ያስፈልጋቸዋል። ልጆቻቸውም ተሰብስበው፤ አባታችን ባሕር ማዶ ሄደው ግንደ ሕዋስ የሚባለውን መርፌ ይወጉ፤ ለዚህም የሚሆን ገንዘብ እንዲገኝ በከተማ ያለው ቤት ይሸጥ ብለው ተማከሩና የእኛን አሳብ ጠየቁ። እኛ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም አይደለንም፤ ነገር ግን የተጻፈ ነገርን መርምሮ ማስረዳት የዘወትር ሥራችን ስለ ሆነ፤ ለእነርሱ የነገርናቸውን ለአንባቢዎቻችንም እንጽፋለን።

የጭንና የቅልጥም አጥንቶች በጕልበት ላይ በሚገናኙበት ስፍራ ጫፋቸውን የሚያለብስ ለስላሳ ልም አጥንት አለ። ይህ ልም አጥንት ደም ሥር የሌለው ስለ ሆነ ሲጎዳ እንደ ቈዳ ቍስል አይሽርም። በዕድሜና በሰውነት ክብደት፤ በቀድሞ ጉዳትም ምክንያት እየሳሳ ሲሄድ ጕልበት ያብጣል፤ ለመታጠፍም እንቢ ይላል።

ሕዋስ የሚለው ቃል በቤተ ክህነት ለተማርን ሰዎች ማየትንና መስማትን፤ አምስቱንም ሕዋሳት ያሳስበናል። የዛሬ ሊቃውንት ግን ሕዋስ የሚሉት ሥጋችን የተሠራበትን፤ በዓይን የማይታየውን ደቂቅ ክፍል ነው። ግንደ ሕዋስም መባሉ፤ ከግንድ ቅርንጫፍ እንዲወጣ ከእርሱ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊወጣ ይችላል ሲሉ ነው። ከአጥንት መቅኔ ለሚገኘው ሕዋስ ይህን ስም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. የሰጡት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር አርኖልድ ካፕላን ናቸው። ሕዋሱ በመመርመሪያ ቤት ብልቃጥ ውስጥ ወደ አጥንትና ወደ ልም አጥንት ሲለወጥ ስለ ታየ፤ በጕልበት ቢወጋ ያለቀውን ይተካል የሚል ተስፋ ተነሣ። ነገር ግን እኒሁ ሰው በ2017 ስሙ ይለወጥ ብለው ጻፉ። ምክንያታቸውም ሕዋሱ በሰው ሥጋ ውስጥ አዲስ ልም አጥንት የሚሆን ሳይሆን፤ ጎረቤት ሕዋሳትን የሚረዳ ነገር የሚያመነጭ ነው የሚል ነበር። ጸሐፊ የራሱን ቃል በራሱ እጅ ሲሰርዝ ማየት በሥራችን ብዙ ጊዜ አይገጥመንም። ሻጮቹ ግን የቀድሞውን ስም አልተዉም።

በ2023 የአሜሪካ ሐኪሞች የጻፉት ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ይገልጠዋል። 475 ሕሙማን በአራት ተከፍለው፤ ለአንዳንዶቹ ከራሳቸው መቅኔ፤ ለአንዳንዶቹ ከራሳቸው ስብ፤ ለሌሎቹ ከእትብት የተገኘ ሕዋስ ተወጋላቸው። የቀሩት ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባለውን የተለመደ መርፌ ተወጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕመምን በማስታገሥ ከተለመደው መርፌ የበለጠ አንድም አልተገኘም፤ በኤም አር አይ መሣሪያ ሲታይም ልም አጥንቱ አላደገም።

በደቡብ ኮሪያ ከእትብት ደም የሚሠራ ካርቲስቴም የሚባል መድኃኒት በ2012 ተፈቅዶአል። እርሱ ግን በቀዶ ሕክምና የሚቀመጥ እንጂ እንዲሁ የሚወጋ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ፤ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም የተሠራ መድኃኒት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል መተኛታቸው በ2018 ተጽፎአል።

ስለዚህ ቤቱ አይሸጥ አልን። ከሰውነት አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጕልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም እንደሚቀንስ፤ የጭንን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ሕመምን እንደሚያስታግሥ፤ ጕልበቱ ፈጽሞ ካለቀም በብረትና በፕላስቲክ የመተካት ቀዶ ሕክምና እንዳለ ነገርናቸው።

ታናሺቱ ልጅ ግን ተቈጥታ፤ «ጋሼ፤ እርስዎ ሌሊት ሲያቃስቱ አልሰሙ» አለችን። መልስ አልነበረንም። ሽማግሌው እስከዚያ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቈይተው፤ «በትሬን አቀብሉኝ፤ እስከ በሩ ልሞክር» አሉ። ደርሰውም ተመለሱ፤ ሁለት ጊዜ ግን ቆመው ዐርፈዋል።