50፣ 85 ወይስ 135? የእናቴን ፊት ያነሱ ሦስት ሌንሶች

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተሰብ ፎቶ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ካሜራ ገዝተናል፤ አብሮት የመጣው ሌንስ ግን የሰው ፊት እንደ ፎቶ ቤት አሳምሮ አያወጣልንም። የትኛውን ሌንስ እንጨምር?» የሚል ነው። ዛሬ እሱን እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ግን ጉዳዩ ለእኔ ለምን ከመዝናኛ በላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት አባዬ ያረፈ ዕለት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ አንድ የእድራችን ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶግራፍ አዘጋጁ እንጂ» አሉኝ። እኔ፣ ወንድሜና ባለቤቴ ስልካችንን አውጥተን መፈለግ ጀመርን። የልጄ ፎቶ በሺህ ይቆጠራል። አባዬ ግን አንዱ ላይ ዳር ቆሞ ግማሽ ፊቱ ተቆርጧል፤ ሌላው ላይ የልጅ ልጁን አቅፎ እሷ ጥርት ብላ ስትታይ እሱ ደብዝዟል፤ ሌላው ላይ ጀርባውን ሰጥቷል። በመጨረሻ የጡረታ ደብተሩ ላይ የተለጠፈችውን ጉርድ ፎቶ ይዘን ፎቶ ቤት ሄድን። አድገው ሲያወጧት ዓይኑ የቱ ጋር እንደሚጀምር እንኳ አይለይም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትዞር የነበረችው ደግሞ እኔ ነኝ።

ስለዚህ እማዬን በደንብ ማንሳት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜና እሁድ ካሜራውንና ሦስት ሌንሶቹን አዋሰኝ። ሦስቱም የካኖን ናቸው፦ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8፣ 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 እና 135 ሚሊሜትር ኤፍ 2። የኒኮን ወይም የሶኒ ባለቤቶችም አንብቡ፤ ቁጥሮቹ ለእናንተም ይሠራሉ።

ፊትን የሚያበላሸው ርቀት ነው

ስልካችሁን 40 ሴንቲሜትር ያህል አስጠግታችሁ የሰው ፊት ስታነሱ አፍንጫው ገንፍሎ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ሸሽቶ ይወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ 12 ሴንቲሜትር ያህል አለ እንበል። ካሜራው አፍንጫውን በ40፣ ጆሮውን በ52 ሴንቲሜትር ርቀት ያየዋል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ያህል ተልቆ ይታያል። አንድ ሜትር ተኩል ብትርቁ ግን ልዩነቱ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ፊቱም እኛ ሁልጊዜ የምናውቀውን ይመስላል።

እንግዲህ ከ85 እስከ 135 ሚሊሜትር ያሉት ሌንሶች «የፖርትሬት ሌንስ» የተባሉት ፊትን የሚያሳምር አስማት ስላላቸው አይደለም። ራቅ ብላችሁ ቆማችሁም ፊቱ ፎቶውን እንዲሞላላችሁ ስለሚያደርጉ ነው። በ1985 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣው የአፍጋኒስታኗ ስደተኛ ልጅ ዝነኛ ፎቶም የተነሳው በዚሁ መካከል ባለ ሌንስ፣ በኒኮን 105 ሚሊሜትር ኤፍ 2.5 ነበር።

ሦስቱ ሌንሶች በአንድ ሳሎን

እማዬ መጀመሪያ አልተስማማችም። «ኧረ ተይኝ! አሁን እኔን አሮጊቷን ምን ልታደርጊኝ ነው የምታነሺኝ?» አለች። ቡና ካፈላሽ ብቻ ነው የማነሳሽ ብዬ አግባባኋት። የኮንዶሚኒየም ሳሎናችን አራት ሜትር ገደማ ነው፤ ሶፋውና ቁም ሳጥኑ ሲነሱለት ደግሞ ያንሳል። ይህን ልብ በሉልኝ።

በባልደረባዬ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ በ50ው ጀመርኩ። ከትከሻዋ በላይ ለማንሳት 90 ሴንቲሜትር ያህል መጠጋት ነበረብኝ። ሌንሱ 160 ግራም ብቻ ስለሆነ እጅ ላይ አይሰማም። እማዬ ግን ሌንሱ ፊቷ ላይ ስለተደቀነ አንገቷን ወደ ኋላ ታሸሽ ነበር። ፎቶው መጥፎ አይደለም፤ ብቻ አገጯና አፍንጫዋ ትንሽ ገፋ ብለው ወጡ።

ቀጥሎ 135ቱ። 750 ግራም ይመዝናል፤ ዙሪያው ላይ ያለው ቀይ ቀለበት ገና ሲታይ «ውድ ነኝ» ይላል። ለተመሳሳይ ፎቶ 2 ሜትር ከ40 መራቅ ስላስፈለገኝ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ቀልጦ አንድ ቀለም ሆነ፤ በምስል ጥራት ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ርቀት ሳናግራት ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። እሷም ለፓስፖርት እንደምትነሳ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሙሉ ቁመቷን ላንሳ ብል ደግሞ ሰባት ሜትር ተኩል ይፈልጋል፤ ከጎረቤት ቤት ሆኜ ካላነሳኋት በቀር አይሞከርም። 135 የሠርግ አዳራሽ፣ የመናፈሻና የግቢ ሌንስ ነው።

85ቱን ሳስገባ ራሴን ከረከቦቱ ማዶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ አገኘሁት። ቡና እየጠጣን የምናወራበት ርቀት ይኸው ነው። ፊቷ ተፈጥሯዊ ቅርጹን ያዘ፤ እኔም ሳልጮህ እያወራኋት አነሳሁ። 425 ግራም ነው፤ ስኒ በሌላው እጅ ይዞ ማንሳት ይከብዳል እንጂ ክንድ አይገድልም። ለሙሉ ቁመት ግን እሱም አምስት ሜትር ገደማ ይጠይቃል።

የእናንተ ካሜራ የትኛው ነው?

እዚህ ጋ «በቃ 85 ልግዛ» ብላችሁ እንዳትነሱ። በብዙዎቻችን ቤት ያለው ካሜራ ፉል ፍሬም አይደለም። የእኔ ካኖን 700ዲ ውስጥ ያለው ሴንሰር አነስ ያለ ነው፤ በተለምዶ «ክሮፕ» የሚባለው። አነስተኛ ሴንሰር የምስሉን ዳር ዳር ቆርጦ መካከሉን ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ በካኖን ክሮፕ ካሜራ ላይ የሌንሱን ቁጥር በ1.6፣ በኒኮንና በሶኒ ደግሞ በ1.5 አባዙት። 50ው በእኔ ካሜራ 80 ይሆናል፤ በኒኮን ወይም በሶኒ 75። 85ቱ ደግሞ በእኔው ካሜራ 136 ይሆናል፤ ያው መኝታ ቤት በር ላይ የቆምኩበት ርቀት ነው።

ሦስቱን ሌንሶች ወደ ራሴ ካሜራ ሳዛውር የሆነውም ይኸው ነበር። 85ቱ ወደ በሩ መለሰኝ። 50ው ግን አንድ ሜትር ከአርባ ላይ፣ ከረከቦቱ ማዶ አስቀመጠኝ። የወደድኩት ፎቶ የ85ቱ ቢሆንም የገዛሁት ግን 50ውን ነው። ዋጋውም ከ85ቱ ከግማሽ በታች ነው።

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቀይ ቀለበትና «ፕሮፌሽናል» የሚል ቃል ኪስ እንዴት እንደሚከፍቱ አውቃለሁ። የተማርኩት ቢዝነስ ደግሞ አንድ ዕቃ ውድ ወይም ርካሽ የሚሆነው ስንት ጊዜ ሲሠራበት ነው ብሎ እንድጠይቅ ያስገድደኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሠርግ የሚወጣ 135 በየሳምንቱ እማዬ ቤት ከሚሠራ 50 የበለጠ ውድ ነው።

ብርሃንና ጥርት የማለት ጉዳይ

ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ዙም ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ቢበዛ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ነው። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። አመሻሽ ላይ፣ በአንድ አምፖል ቡና ሲፈላ ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው ይህ ልዩነት ነው። ከሚወዛወዙ ልጆች ጋር ሹተር ስፒዱን ከ1/250 አታውርዱ።

ሆኖም የኤፍ 1.8 ዕዳም አለው። በፉል ፍሬም ካሜራ 85ቱን በኤፍ 1.8 አንድ ሜትር ተኩል ላይ ብታነሱበት ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በክሮፕ ካሜራ 50ው ላይ ደግሞ አምስት ገደማ። ፊቷን ትንሽ ዘወር ካደረገች አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ፎከሱን ለካሜራው የሚቀርበው ዓይን ላይ አድርጉ፤ ብርሃን ካለ ኤፍ 2.8 ወይም 4 ላይ አንሱ። አያትና የልጅ ልጅ አብረው ከሆኑ ኤፍ 5.6 ይሻላል።

ሌላው የእኛ አገር ፈተና ነጭ ነጠላ ነው። ፎቶው ውስጥ ነጭ ሲበዛ ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልማል፤ ጥቁር ፊት ደግሞ ይብሱኑ ይጠፋል። መለኪያውን ፊት ላይ አድርጉት። ሰውየውን ፀሐይ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት፤ ነጠላውም ፊቱም ይተርፋሉ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ነፃውን ሞክሩ። ያላችሁን ዙም ሌንስ 55 ላይ አድርጉና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፤ ቀን ቀን በመስኮት ብርሃን አንሱ። የፊቱ ቅርጽ ከ50ው ጋር ተመሳሳይ ይሆናል፤ የሚጎድላችሁ የምሽት ብርሃንና የደበዘዘ ጀርባ ነው። ያ ከበቃችሁ ገንዘባችሁን ፎቶ ለማሳተም አውሉት።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ የስልካችሁን መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላ በኩል ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ተዉት። አፐርቸሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ፎከሱም እየያዘ መሆኑን በራሳችሁ ካሜራ ላይ ሞክሩ። በተለይ የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራ ያላችሁ ተጠንቀቁ፤ ካሜራዎቹ የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግላችሁም። ከውጭ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ ደግሞ የካሜራችሁን ሞዴል አብራችሁ ጻፉ፤ «85 አምጣልኝ» ብቻ አይበቃም። ለክረምቱም ሌንሱን ጫማ ሳጥን ውስጥ ከምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

ባጭሩ፦ ክሮፕ ካሜራ ያለው በ50 ይጀምር። ፉል ፍሬም ያለው 85 ይግዛ። 135 ግቢ ላለው፣ ወይም ሠርግና ምርቃት በብዛት ለሚያነሳ ነው።

የእማዬን ፎቶ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ሁለተኛውን ቡና ስትቀዳ የተነሳ ነው፤ ወንድሜ በተናገረው ነገር ልትስቅ ስትል ነው የያዝኳት። «ይሄስ እኔን ይመስላል» አለችና ቀስ ብላ «አስቀምጪው እንግዲህ፤ ለዚያ ቀን ይሆናል» ብላ መለሰችልኝ። የማነሳት ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ገብቷት ኖሯል።

እኔ ግን አላስቀመጥኩትም። ሳሎኗ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀልኩት። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ናት ያነሳችኝ» ትላለች።

እናንተም በዚህ እሁድ ወላጆቻችሁ ጋ ስትሄዱ ካሜራውን ያዙ። ሌንሱ ገና ካልተገዛም በያዛችሁት ጀምሩ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።