“ነጂው ነው!”

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ገና አንደኛ ዓመት ላይ ስድስት ጥያቄዎች ይሰጡናል፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የአገራችንን የአደጋ ዜና ስታዳምጡ አራቱ ወዲያው ይመለሳሉ። ከዚህ ከተማ ተነስቶ ወደዚያ ሲጓዝ የነበረ ተሽከርካሪ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቀበሌ፣ የዚህን ያህል ሰው ሕይወት አጠፋ። “ለምን” ላይ ሲደርስ ዜናው አንዲት ሐረግ ወርውሮ ያልፋል፦ “ከመጠን በላይ በሆነ ፍጥነት”። “እንዴት” የሚባለውን ጠያቂም የለው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ስፖርት ዜና እንገባለን።

እኔ ዛሬ መሟገት የፈለግሁት ከዚህች ሐረግ ጋር ነው። ለዚህ ሙግት ደግሞ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተሻለ ቦታ የለም።

ሰባ ሰባት ሲባል ለሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ድርቁ ነው። በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር 1977 ዓ.ም.፣ ከአዋሽ ከተማ አጠገብ ሌላም መከራ ደርሷል። 1 ሺህ ያህል ሰው የጫነ ባቡር ድልድይ ላይ ያለ ኩርባ ሲታጠፍ ከሐዲዱ ወጣ። ከአምስቱ ፉርጎዎች አራቱ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት መካከል እስከ ዛሬ ይቆጠራል። እስቲ ከእኩዮቻችሁ መካከል ስንቱ ሰምቶ እንደሚያውቅ ጠይቁ። እዚሁ አዋሽ ተወልደው ያደጉ ጓደኞቼን ጠይቄ “የቱ ባቡር?” ያሉኝ ይበዛሉ።

የተሰጠውስ ምክንያት? ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ነጂው ተያዘ። አለቀ።

ይሁን፣ አልቀነሰም እንበል። ለምን አልቀነሰም? ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው? ወይስ “ቀንስ” የሚል ምልክት አላየም? ከመነሳቱ በፊት ስንት ሰዓት ሠርቶ ነበር? ፉርጎዎቹ የተሠሩት ስንት ሰው ለመጫን ነው? መስመሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰ፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ጉዳት የደረሰበት አሮጌ መስመር ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ አንድ ሰው ሲሳሳት ስህተቱን የሚያቆም ሁለተኛ ነገር ነበረ ወይ? “ነጂው ነው” የምትለው መልስ ክፋቷ ውሸት መሆኗ አይደለም። እውነትም ልትሆን ትችላለች። ክፋቷ እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች አንድ ላይ ጠቅልላ መቅበሯ ነው።

ጃፓኖች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 አማጋሳኪ በተባለች ከተማ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከአንድ ሕንፃ ጋር ተላተመ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰው ሞተ። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚፈቀድበት ቦታ ላይ ነጂው በ116 ይበር ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? “ነጂው ነው” ብሎ መዝጋት እኮ ይቻል ነበር። መርማሪዎቹ ግን “ለምን ቸኮለ?” አሉ። የ23 ዓመቱ ወጣት ከፕሮግራሙ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶ ነበር። የሚሠራበት ድርጅት ደግሞ የሚዘገዩ ነጂዎችን “ተሐድሶ ሥልጠና” በሚል ስም እያሸማቀቀ የሚቀጣ ነበር። ኩርባው ላይ ባቡሩን በራሱ ጊዜ የሚያቆም ዘመናዊ መሣሪያም ገና አልተገጠመም። ይህ ሁሉ ተጽፎ ወጣ። ነጂው ጥፋተኛ መሆኑ አልቀረም፣ ግን ብቻውን አልቀረም።

“እሱ ጃፓን ነው” የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ወደ ቤታችን እንመለስ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ብዙም ሳይቆይ በውጭ አገር ጣቶች ወደ አብራሪዎቹ መቀሰር ጀመሩ። የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት እየተቆጠረ “ልምድ የለውም” ተባለ። ምን ያህል እንደተቆጣን ታስታውሳላችሁ! ሁላችንም በአንድ ድምፅ “ምርመራው ሳያልቅ በልጆቻችን ላይ አታላክኩ” አልን። ትክክል ነበርን። ወር እንኳ ሳይሞላ የመጀመሪያው ሪፖርት በይፋ ወጣ፤ አብራሪዎቹ አፍንጫውን እየደጋገመ ወደ መሬት ከሚደፋ አውሮፕላን ጋር ሲታገሉ እንደነበር ዓለም አነበበ። ያ የአውሮፕላን ዓይነትም በዓለም ዙሪያ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከበረራ ታገደ።

ታዲያ ለአብራሪዎቹ የሰጠነውን ፍትሕ ለሾፌሩ የምንነፍገው ለምንድን ነው? ኮፍያና ክራባት ስላላደረገ ይሆን?

ይህን ስል “አንቺ ደግሞ፣ የሰው ሕይወት የሚቀጥፉ ሾፌሮችን ልትከላከዪ ነው?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ጫቱን ይዞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ተሳፋሪ “ኧረ ቀስ በል” ሲለው ሙዚቃውን የሚጨምር ሾፌር እናንተም እኔም እናውቃለን። በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን አንዱን ሾፌር አስረን ስንጨርስ እዚያው መኪና ላይ፣ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሾፌር ይቀመጣል። ማታ ማታ አዋሽ ሰባት ላይ ቆማችሁ ከጅቡቲ የሚመጡትንና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች እዩ። ሹፌሩ ከተነሳ ስንት ሰዓቱ ነው? በዚያ የአፋር ሙቀት የት አረፈ? ቶሎ ካልደረስክ የሚለው ማነው? እኛ ሲኖትራኩን “ቀይ ሽብር”፣ አይሱዙውን “አልቃይዳ” ብለን ስም አውጥተንላቸዋል። ስም ማውጣት እንችልበታለን፤ ምክንያት ማውጣት ላይ ነው የሰነፍነው።

የ1977ቱ ነገር ታሪክ ሆኖ ቢቀር ባልደከምኩ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ከደወሌ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ የነበረ ባቡር ሽንሌ አካባቢ ከቆመ ሌላ ባቡር ጋር ተጋጭቶ ቢያንስ 14 ሰው ሞተ፤ ሌሎች በርካቶች ቆሰሉ። ሩዝና ዘይት ከጫኑ ፉርጎዎች ጋር የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው እንጀራ ፍለጋ ድንበር ለድንበር የሚመላለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። የሄዱበትም ያው የጥንቱ ሐዲድ ነው። ሐዘን መግለጫ ሰማን። እኔ ከሐዘኑ ቀጥሎ ማንበብ የምፈልገው ሪፖርቱን ነው፤ የቆመው ባቡር ለምን እዚያ ቆመ፣ የሚመጣውስ ባቡር መቆሙን በምን ሊያውቅ ይችል ነበር?

“አዲሱ ባቡር እኮ ሌላ ነው” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐዲዱም ሌላ ነው። ባቡር በአጠቃላይ ከአውቶቡስ የተሻለ ደህንነት እንዳለውም አምናለሁ። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሥራውን ቻይናዎቹ አስረክበውናል። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር “ቻይናዎቹ ናቸው” ማለት አይቻልም፤ የሚቀረን ያው የለመድነው ነጂ ነው። ሁለተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ አስፋልት ሲሰነጠቅ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ሲለቅ ሁላችንም አይተናል። ባቡሩ የሚያልፈው በዚሁ ምድር ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው “ሐዲዱና ድልድዩ መቼ ተፈተሹ? ውጤቱስ?” ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው። መልሱም ትኬት መሸጫው ግድግዳ ላይ በግልጽ አማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ከአንድ ወረቀት በላይ አይፈጅም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአውሮፕላን አደጋ እንደምናደርገው ሁሉ ሰው ለሞተበት የባቡርና የአውቶቡስ አደጋም ከድርጅቱም ከፖሊሱም ነጻ የሆነ መርማሪ ይመደብ፤ ያገኘውንም ለሕዝብ ያውጣ። ስለ 1977ቱም መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ሰነድ ካለ ይከፈት። ከዚያ ባቡር የተረፉ ሰዎች አሁን በዕድሜ ገፍተዋል፤ ሳያልፉ የሚጠይቃቸው ይገኝ።

እኛም የድርሻችን አለን። የሚቀጥለውን የአደጋ ዜና ስንሰማ ከንፈር መጠን፣ “ፍጥነት ነው፣ ምን ይደረግ” ብለን ቻናል መቀየሩን እንተው። ዜናውን ላቀረበው ባልደረባዬ “ለምንስ ፈጠነ?” ብላችሁ ጻፉለት። አንድ ሰው ቢጠይቀው ላይሰማ ይችላል፤ መቶ ሰው ከጠየቀው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ማይኩን ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ መሄዱ አይቀርም።

ለመንገደኛ ሁሉ መልካም ጉዞ!