የአረጋውያን መውደቅ፦ ዝቅተኛ አኃዝ አያዘናጋዎት

በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከአራቱ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል። አደጋው ግን በሁሉም ማኅበረሰብ ዘንድ እኩል አይደለም። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የ2014 እ.ኤ.አ. መረጃ እንደሚያሳየው፣ ወድቀናል ያሉት ከነባር የአሜሪካና የአላስካ ሕዝቦች አረጋውያን ከሲሶ በላይ፣ ከነጮች 30 በመቶ ገደማ፣ ከጥቁሮች ደግሞ 23 በመቶ ገደማ ናቸው። በነባር ሕዝቦች ዘንድ የስኳር በሽታ በብዛት ይታያል፤ በሽታው የእግርን ነርቭ ሲጎዳ መሬቱን በትክክል መርገጥ ያስቸግራል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚቆጠሩት «ጥቁር» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ እናትዎ ከሌሎች ያነሰ ስጋት አለባቸው ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። መረጃው የተሰበሰበው በስልክ፣ በዋናነት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ በመጠየቅ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት በዚያ ቁጥር ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ደግሞም ብዙ አረጋውያን መውደቃቸውን ለሐኪም አይናገሩም። የእኛዎቹ ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ «አዳለጠኝ እንጂ አልወደቅሁም» ማለትን ያውቁበታል።

ሌላም ነገር አለ። የዳሌ አጥንት ስብራት ከጥቁር ሴቶች ይልቅ በነጭ ሴቶች ላይ ይበዛል። ከስብራቱ በኋላ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለው ግን ጥቁር ሴቶች ናቸው። የአጥንት መሳሳት ምርመራም የሚታዘዝላቸው ከነጮች ባነሰ መጠን ነው። «ጥቁሮች አጥንታቸው ጠንካራ ነው» የሚለው አጠቃላይ እምነት ለዚህ መዘናጋት አስተዋጽኦ ሳያደርግ አይቀርም።

ስለዚህ ከአኃዙ ይልቅ የራስዎን ሰው ይጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ወድቀዋል? ሲቆሙ ወይም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ? እወድቃለሁ ብለው ይሰጋሉ? ለአንዱም እንኳ «አዎ» ካሉ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ደግሞ የመውደቅ ዕድሉ በእጥፍ ይጨምራልና። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ በተለይ የእንቅልፍና የደም ግፊት መድኃኒቶች ሊያዞሩ ይችላሉ።

በቀጠሮው ላይ እርስዎ ማስተርጎም የለብዎትም፤ እናት በልጃቸው ፊት መውደቃቸውን ሊደብቁ ይችላሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብ ይጠይቁ።