በጎረቤት በዓል ሥራ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ በዓል ሲቃረብ ከበግና ከዶሮ ዋጋ ቀጥሎ የሚነሣ ክርክር አለ። በዓሉ በዛ፣ ሥራ ተፈታ፤ ሙስሊሙ በኢድ፣ ክርስቲያኑ በጥምቀት ይረፍና ሌላው ሥራውን ይሥራ የሚል።

ሐሳቡ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ ለሙስሊሙ ሠራተኛ ነገሩ በተግባር እንደዚሁ ነው። እዚያ ሕጉ በራሱ ለሠራተኛ የበዓል ዕረፍት አይሰጥም፤ የሚወስነው የሥራ ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ነው። የሚከበሩት ቀናት አብዛኞቹ የክርስትና ናቸው፦ ፋሲካና ማግሥቱ፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስና ማግሥቱ፣ ሁለት ቀን የሚዘልቀው ገና። የንጉሡ ልደት በፈረንጆች ኤፕሪል 27 ይከበራል። ከናዚ ወረራ ነፃ የወጡበትን ሜይ 5 ግን ብዙ ቀጣሪዎች ዕረፍት የሚሰጡት በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ኢድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሙስሊሙ ከዓመት ፈቃዱ ይቀንሳል፤ አንዳንድ የኅብረት ስምምነቶች ደግሞ በክርስቲያኑ በዓል ሠርቶ በራሱ በዓል እንዲያርፍ ይፈቅዱለታል።

ይህ አሠራር ማንንም ዕረፍት አያሳጣ ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው ኢድ ብሎ ቤቱ ሲውል ባልደረባው ቢሮ፣ ጎረቤቱም ሥራ ላይ ነው። ማን መጥቶ እንኳን አደረሰህ ይበለው? እኔ የምለው የሕዝብ በዓል ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በዓሉ የእሱ ላልሆነው ሰው ነው።

በሰቶ ሰመሮም ሆነ በሌላው የጅማ ሰፈር ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ተጋርቶ ይኖራል። አንዱ ባርኮ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። ስለዚህ በፋሲካ ክርስቲያኗ ሴት ሙስሊም ጎረቤቶቿን የምትጠራው እንዲሁ በአፍ አይደለም። በግ ወይም ዶሮ ለብቻ ይገዛል፤ የሚያርደው ሙስሊም ነው። ድስቱ፣ ቢላውና ሰሐኑ ከሙስሊም ቤት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ወጡንም የምትሠራው ባለድስቷ ራሷ ናት፣ ከማለዳ ጀምሮ ጓዳ ገብታ። ጠላው ለአንደኛው ወገን ሲቀዳ ለሌላው ብርዝ ይቀርባል። በአረፋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዶሮው በሕይወቱ ለክርስቲያኗ ይላካል፣ አሳርዳ እንድትሠራው። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለድስቷ ያን ቀን ቢሮ ብትገባ ወይም ሱቋን ብትከፍት ግብዣው አይሆንም።

ቀኑ ደግሞ በነፃ አልተገኘም። ጅማ የአባ ጅፋር አገር፣ አብዛኛው የዙሪያዋ ሕዝብም ሙስሊም ሆኖ ሳለ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢድ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ተራ የሥራ ቀን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በሕዝብ በዓልነት የታወጁት ከዚያ በኋላ በ1967 ነው። እነዚያ ክርስቲያኖች የጠየቁት ለራሳቸው በዓል አልነበረም።

አዋጅ ብቻውን ጉርብትና እንደማይሠራም አይተናል። በ1999 መባቻ በዚሁ በጅማ ዞን ከመስቀል ደመራ ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት ሰው ሞቷል፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ያንን እያወቅን በዓሉን ለየብቻ እናድርገው ማለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጓዳ የሚያዩበትን ጥቂት አጋጣሚ መዝጋት ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ከቡናው ማሳ የሚመጣው ነው። በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ ለቀማው ከጥቅምት ጀምሮ ይጧጧፋል። እሸት ቡና ታጥቦ የሚዘጋጅ ከሆነ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይበላሻል፣ ደረጃውም ይወርዳል። የሙስሊም በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጡ ኢድ አልፈጥር በ1990ዎቹ በለቀማው ወራት ውስጥ ይውል ነበር፤ ዞሮም ይመጣል። ቡናው ግን ለኢድም ለገናም አይቆምም።

ጉዳቱ የሚያርፈው ለቃሚው ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወር ደመወዝተኛ በሕዝብ በዓል ምክንያት ደመወዙ አይቀነስም፤ በበዓል ከሠራም ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል። የሌላው ሠራተኛ የበዓል ክፍያ ግን ለሥራ ውሉ ወይም ለኅብረት ስምምነቱ ተትቷል። ከዳውሮና ከሌላም አካባቢ መጥቶ በኪሎ እየተከፈለው የሚለቅም ሰው ብዙውን ጊዜ የተጻፈ ውል እንኳ የለውም። በዓል ለእሱ ገቢ የሌለው ቀን ነው፤ ከሠራም ኪሎው በተለመደው ዋጋ ይታሰብለታል። ሥራ ተፈታ የሚሉ ሰዎች በዓሉን ከመቀነስ ይልቅ እዚህ ላይ ቢከራከሩ ይሻላል። የቡና እርሻዎችና የገበሬ ማኅበራት ለቀማው ሳይጀመር፣ ገና በመስከረም፣ በበዓል ቀን የሚለቀም እሸት በኪሎ እጥፍ እንደሚከፈል ከለቃሚው ጋር በጽሑፍ ሊዋዋሉ ይችላሉ።