የቤተሰብ የጋራ የስልክ ጥቅል፦ ከኤረር በር እስከ ማሳው የሚያዋጣው ለማን ነው?

ኤረር በር በማለዳ የገጠሩና የከተማው ኑሮ የሚገናኙበት ደጃፍ ነው። ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነው በዚህ ስፍራ ከኤረር ሸለቆና ከአካባቢው ቀበሌዎች የመጣ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል ለከተማው ነዋሪ ይቀርባል። ቀድሞ ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ድርድር ጭነቱ ከማሳው ሳይነሳ በስልክ ይጠናቀቃል። በመሆኑም የስልክ ወጪ እንደ ማዳበሪያና እንደ ትራንስፖርት ሁሉ በአርሶ አደሩ የወጪ መዝገብ ውስጥ ቋሚ ስፍራ ይዟል።

በአንድ ጣሪያ ሥር አራትና አምስት ስልክ መኖሩ በገጠርም ሆነ በከተማ የተለመደ ሆኗል። እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየፊናው ካርድ ይሞላል፣ ጥቅል ይገዛል። ከዚህ የተነሳ ብዙ ቤተሰቦች አንድ ጥያቄ እያነሱ ነው፤ ሁላችንም በየግላችን ከምንገዛ አንድ የጋራ ጥቅል ይዘን ብንከፋፈለው አይሻልምን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በማስታወቂያ ላይ ከሚታየው የዋጋ ልዩነት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም።

ከ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ እስከ ሁለት ኩባንያ

ሐረር ለስልክ እንግዳ አይደለችም። በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ሥራው በተጀመረውና ሐረርን ከአዲስ አበባ ባገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ነው። ያ መስመር የቤተ መንግሥትና የአስተዳደር መገልገያ ነበር። ስልክ ወደ ገበሬው እጅ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶበታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ለውጡ ፈጣን ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሞባይል የድምፅ አገልግሎት ላይ 40 በመቶ፣ በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 43 በመቶ የዋጋ ቅናሽ ማድረጉ ይታወሳል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌ ብር ሥራ ሲጀምር ስልኩ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ቦርሳ ሆነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በድሬዳዋ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሐረርና ሐረማያ መዝለቁ ደግሞ ለምሥራቁ የአገራችን ክፍል ነዋሪ ከሌላው ቀድሞ ሁለተኛ አማራጭ ሰጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት ማሻሻያ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ ያሳደረው ጫና ሲታከልበት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወጪውን ቆም ብሎ መመርመሩ አይቀሬ ነው።

የጋራ ጥቅል ምን ማለት ነው?

በጋራ ጥቅል አንድ ሰው ዋና ባለቤት ይሆናል። እርሱ በአንድ ጊዜ ከፍሎ የደቂቃ፣ የኢንተርኔትና የአጭር መልእክት መጠን ይገዛል፤ የሌሎቹ አባላት ቁጥሮች በሥሩ ይመዘገቡና ከዚያው ይጠቀማሉ። በጅምላ የተገዛ ዕቃ በችርቻሮ ከተገዛው እንደሚረክስ ሁሉ፣ በብዛት የተገዛ ደቂቃም ነጠላ ዋጋው ዝቅ ይላል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በሎሚውና በጥቅሉ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ሎሚው ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደርሶታል። የጋራ ኢንተርኔት ግን በአባላቱ መካከል ገደብ ካልተበጀለት፣ አንዱ ቪዲዮ ሲመለከት አምሽቶ የሃምሳውን ድርሻ ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀጥሎ ያሉት አኃዞች ለስሌት ብቻ የተቀመጡ እንጂ የየትኛውም ኩባንያ ታሪፍ አይደሉም። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ አለ እንበል። አባት በኤረር ሸለቆ ያርሳል፤ እናት ኤረር በር አትክልት ትሸጣለች፤ ታላቁ ልጅ ምርት እያጓጓዘ ይነግዳል፤ ሴት ልጃቸው ተማሪ ናት፤ አያት ቤት ይውላሉ። በወር አባትና እናት ለየራሳቸው 150 ብር፣ ሁለቱ ልጆች ለየራሳቸው 300 ብር፣ አያት 50 ብር ቢያወጡ ድምሩ 950 ብር ይሆናል። የጋራ ጥቅሉ 700 ብር ቢሆን በወረቀት ላይ የሚተርፈው 250 ብር ነው።

አሁን ወሩ እንዴት እንደሚያልቅ እንመልከት። ኢንተርኔቱ በሃያኛው ቀን አለቀ እንበል። ሁለቱ ልጆች በቀሩት አሥር ቀናት በየቀኑ የ10 ብር ጥቅል ቢገዙ 200 ብር ይወጣል። የአባት ዋና ደንበኛ በሌላው ኩባንያ መስመር ላይ ቢሆንና የጋራ ጥቅሉ ወደዚያ የሚደረግን ጥሪ ባያካትት፣ ለዚሁ ተጨማሪ 80 ብር ካርድ ይሞላል። ጠቅላላ ወጪው 980 ብር ደረሰ ማለት ነው። ሊተርፍ የታሰበው 250 ብር ቀርቶ 30 ብር ከኪስ ተጨመረ። ኢንተርኔቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ቢዘልቅና ደንበኞቻቸው በአንድ መስመር ላይ ቢሆኑ ግን ይኸው ቤተሰብ በዓመት 3,000 ብር ያተርፍ ነበር። የውጤቱ መለያየት የመጣው ከአጠቃቀም እንጂ ከጥቅሉ ዋጋ አይደለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በአገራችን ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ነው። አያት የሚያደርጉት ልጆቻቸው ሲደውሉላቸው ማንሳት ብቻ ከሆነ የጥቅሉ አባል መሆን አያስፈልጋቸውም። አባል በበዛ ቁጥር ሰፊ ጥቅል መግዛት ግድ ስለሚል፣ ከመደመር አስቀድሞ ማን በእርግጥ እንደሚደውል መለየት ይገባል።

የወር ክፍያና የአርሶ አደሩ ገቢ

የጋራ ጥቅል በአብዛኛው ለወር የሚገዛና በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። የወር ደመወዝ ለሚቀበል የከተማ ነዋሪ ይህ ችግር አይሆንም። የአርሶ አደሩ ገቢ ግን ወርን ጠብቆ አይመጣም። ማሽላ የሚሰበሰበው መኸር ሲደርስ ነው፤ ፍራፍሬም የራሱ ወቅት አለው። ጫት አብቃዩ በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ ሊሸጥ ቢችልም ዋጋው በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይዋዥቃል።

በዚህ ምክንያት ብዙ አርሶ አደር የዕለት ወይም የሳምንት ጥቅል መግዛቱ ከአላዋቂነት የመነጨ አይደለም። ነጠላ ዋጋው ከፍ ቢልም በእጅ ካለው ገንዘብ ጋር ይጣጣማል። በማዳበሪያና በዘር መግዣ ወቅት 700 ብር ለስልክ አውጥቶ ለግብዓት መበደር ኪሳራ ነው። በምርት መሸጫ ሰሞን ግን ጥሪ ስለሚበዛ የወር ጥቅሉ ሊያዋጣ ይችላል። የተረፈ ደቂቃ ጊዜው ሲያልፍ የሚባክን ከሆነም፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወር ትልቅ ጥቅል መግዛት ያልተበላ እህል እንደ መጣል ነው። ስለዚህ ውሳኔው ለዓመቱ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም፤ እንደ አዝመራው ሊቀያየር ይችላል።

ኔትወርኩ ማሳው ላይ ይደርሳልን?

የቤተሰቡ አባላት በአንድ ጥቅል ሲታቀፉ በአብዛኛው በአንድ ኩባንያ መስመር ላይ መሰባሰብ ይኖርባቸዋል። ጀጎል ውስጥ ጥሩ የሚሠራ ኔትወርክ ሸለቆው ውስጥ ላይሠራ ይችላል። ተራራና ገደል የሞገድን መንገድ ይጋርዳሉ። ለከተማው ልጅ ፈጣን ኢንተርኔት የሚሰጠው መስመር አባቱ ማሳ ላይ ሆኖ ጥሪ እንዳይደርሰው ካደረገ፣ ቤተሰቡ ርካሽ ጥቅል ገዝቶ ውድ ገበያ አጣ ማለት ነው።

ከዚህ የተነሳ በርካቶች ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ይጠቀማሉ። የቆየውን ቁጥር ደንበኛ ስለሚያውቀው ሳያጠፉ፣ አዲሱን ለኢንተርኔት ወይም ለቤተሰብ ጥሪ መያዝ አስተዋይነት ነው። አስቀድሞ ግን የቤተሰቡ አባላት ሲም ተዋውሰው በማሳው፣ በመንገዱ፣ በገበያውና በቤቱ ቢሞክሩት በማስታወቂያ የማይገኝ እውነት ያገኛሉ።

ቁጥሩ በማን ስም ነው?

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። የጥቅሉ ዋና ባለቤት ስልኩ ቢጠፋበት፣ ቢታመም ወይም ክፍያውን ባያድስ ሁሉም አባላት በአንድ ቀን ጥቅል አልባ ይሆናሉ። በቤተሰቡ መካከል ቅሬታ ቢፈጠርም አንዱን አባል ማስወጣት በባለቤቱ እጅ ነው። በተለይ ኤረር በር ላይ ተቀምጣ ለምትሸጥ እናት ስልኳ ሱቋ ነው። ልጇ ሌሊት በተመለከተው ቪዲዮ ምክንያት ጠዋት ለደንበኛዋ መደወል ካልቻለች፣ ቤተሰቡ በጥቅል የቆጠበውን በአንድ ማለዳ ያጣዋል። የስልክ ወጪ ድርድር ሲደረግ የእርሷ ድምፅ ከአባወራውና ከልጆቹ እኩል ሊሰማ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሲም ካርዱ የተመዘገበበት ስምም እንደዚሁ መታየት ይኖርበታል። ዛሬ ቴሌ ብርና ኤም ፔሳ ከስልክ ቁጥር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ደቂቃን በጋራ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ የገንዘብ ቁጥርን በሌላ ሰው ስም መያዝ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የጋራ ጥቅል ለማውጣት በሚል የእናትን ወይም የልጅን ቁጥር ወደ አባወራው ስም ማዛወር፣ ነገ ቁጥሩ ሲጠፋ ምትክ ለማውጣትም ሆነ ገንዘብን ለማስመለስ እንቅፋት ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው ቁጥሩን በራሱ መታወቂያ አስመዝግቦ፣ የምሥጢር ቁጥሩን ለማንም ሳይሰጥ ነው ወደ ጋራ ጥቅል መግባት ያለበት።

ታዲያ የሚያዋጣው ለማን ነው?

እስካሁን ከታየው በመነሳት፣ የጋራ ጥቅል ይበልጥ የሚጠቅመው አባላቱ እርስ በርስ አዘውትረው ለሚደዋወሉ፣ በአንድ መስመር ላይ ላሉ፣ ቋሚ ገቢ ላለውና የኢንተርኔት ድርሻውን አስቀድሞ ለሚመድብ ቤተሰብ ነው። ገቢው ወቅታዊ ለሆነ፣ ደንበኞቹ በሁለቱም ኩባንያዎች ለተበተኑና አባላቱ ኔትወርክ በሚለያይባቸው ቦታዎች ለሚኖሩ ቤተሰብ ግን የግል ጥቅል ይሻላል። በመካከል ላለው ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። ነጋዴው ልጅና ተማሪዋ ኢንተርኔትን በጋራ ይዘው፣ አባትና እናት የድምፅ ጥቅላቸውን ለብቻ ሊገዙ ይችላሉ።

ለመወሰን የሚረዳው ቀላሉ ዘዴ ለአንድ ወር መመዝገብ ነው። እያንዳንዱ አባል የሞላውን ካርድ፣ የገዛውን ጥቅልና ያለቀበትን ቀን በደብተር ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ድምሩ ከጋራ ጥቅሉ ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ከመግዛት አስቀድሞም አምስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፤ ወደ ሌላው ኩባንያ የሚደረግ ጥሪ ይካተታልን? ለእያንዳንዱ አባል ገደብ ማበጀት ይቻላልን? የተረፈው ወደሚቀጥለው ወር ይሸጋገራልን? ጥቅሉ ሲያልቅ ከካርድ ሒሳብ መቁረጥ ይጀምራልን? ከጥቅሉ መውጣት የሚፈልግ አባል እንዴት ይወጣል? መልሱን የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994፣ የሳፋሪኮም ደንበኛ በ700 ደውሎ ማግኘት ይችላል። በኩባንያው ያልተፈታ ቅሬታ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል።

ለአርሶ አደሩ አንድ ነገር መታወስ አለበት። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል ጥበቃ ምክር ለመስማት ጥቅል መግዛት አያስፈልግም።

የሐረር ሰው በጋራ መኖርን ከማንም መማር አያሻውም፤ አፎቻም ሆነ ዕድር ለዘመናት የቆሙት በመተሳሰብ ብቻ ሳይሆን በግልጽ ደንብም ጭምር ነው። ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ፣ መቼና እንዴት እንደሚረዳ አስቀድሞ ይታወቃል። የቤተሰብ የስልክ ጥቅልም የሚዘልቀው በዚሁ መንገድ ነው። ደንቡ በቤት ውስጥ ከተማከረበት የጋራው ይረክሳል፤ ሳይማከሩበት ከተገባ ግን በየወሩ መጨረሻ ከካርዱ ጋር ፍቅርም አብሮ ያልቃል።