ሰግደን እንውጣ

ወደ ፋይፈር ፏፏቴ ለምናደርገው የእግር ጉዞ ብዙ እህትና ወንድም ተመዝግቧል፤ አልሐምዱሊላህ። ዙህርን ጫካው ውስጥ በጀማዓ እንስገድ የሚለውን ሐሳብ ግን አልደግፍም። ሬድዉድ ከዓለም ዛፎች ሁሉ ረጅሙ ቢሆንም ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው። አርባ ሰው ሶፍ ይዞ አፈሩን ሲረግጠው ይጠቀጠቃል፣ ሥሩም አየርና ውኃ ያጣል። ቢግ ሰር ያለው ይህ መንገድ በ2008 (እ.ኤ.አ.) እሳት ተዘግቶ እንደገና የተከፈተው በ2021 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት!

ንጹሕ ቦታ ሁሉ ይሰገድበታል የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ ከታች ያለው ሜዳም ንጹሕ ነው። መንገዱ አጭር ስለሆነ ዙህርን እዚያው ሰግደን ብንወጣ ዐስር ሳይገባ እንመለሳለን። ውዱእም ከታች ይሁን፤ ጅረቱን ለዓሣዎቹ እንተውላቸው።