«ደህና ናቸው፣ ተመስገን» ከማለት ባሻገር

የፈረንጆቹ የምስጋና ቀን አልፏል፤ የእኛ ገና ደግሞ ደጅ ላይ ነው። በአሌክሳንድሪያ ላንድማርክ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ዶሮው፣ ስለ ድፎውና ለአገር ቤት ስለሚላከው ገንዘብ እናስባለን። እኔ ዘንድሮ ሌላም ዕዳ አለብኝ። ልጄ ማንበብ ሲያቅተው የደረሱልንን ሰዎች ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ያውም በአደባባይ።

በመጀመሪያ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪውን አመሰግናለሁ። «ሰነፍ አይደለም፤ ፊደሎቹ እየተምታቱበት ነው፤ ይመርመር» ያለችን እሷ ናት። ቀጥሎ አስተርጓሚዋን እህታችንን። ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ላይ «ዲስሌክሲያ» የሚለው ቃል ሲወጣ ባለሙያዋን አስፈቅዳ፣ የማንበብ ችግር እንጂ የአእምሮ ጉድለት አለመሆኑን ረጋ ብላ በአማርኛ እንዲብራራልን አደረገች። ከዚያ በኋላ ነው ባለቤቴ ቀና ያለችው። ሦስተኛው የጎረቤታችን ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጃችንን ያስነብበዋል። ገንዘብ አልቀበልም ብሏል፤ ዶሮ ወጥ ላይ ግን እስካሁን እምቢ ሲል አልሰማሁትም።

በአደባባይ ማመስገኑ ለምን አስፈለገ? እኛ ስናመሰግን አብዛኛውን ጊዜ ፈጣሪን ነው። «ልጆች እንዴት ናቸው?» ስንባል «ደህና ናቸው፣ ተመስገን» እንላለን። መልካም ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን ወሬውን ይዘጋዋል እኮ! ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንዲት ገጽ ማንበብ ካቃተው ቤተሰብ ጋር ሦስተኛ ድረስ ቡና ጠጥተን፣ እነሱም «ደህና ነው» ብለው፣ እኛም «ደህና ነው» ብለን እንለያያለን። ሁለታችንም ማታ ለብቻችን ስልካችን ላይ እናፈጣለን። «እከሊት የምትባል አስተማሪ እንዲህ ብላ ረዳችን» ብሎ ማመስገን ግን ችግሩን አብሮ ይናገራል፤ የሰማው ሰው የት ሄዶ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ዝምታው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ በተማርንበት ክፍል ውስጥ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጎበዝና ሰነፍ። ካርድ ላይ ደረጃ ይጻፋል፣ መጨረሻ የወጣው ይገረፋል፣ አለቀ። ማንበብ አቅቶት ትምህርቱን የተወውን ጓደኛችንን «ጭንቅላት የለውም» ብለን ረሳነው። እዚህ መጥተን «ስፔሻል ኤዱኬሽን» የሚል ወረቀት ሲደርሰን ያው የድሮው ፍርድ ነው ትዝ የሚለን። «ልጄ ላይ አልፈርምም!» ያሉ ስንት ወላጆች አውቃለሁ።

በአገር ቤት ይህን ዝምታ ከሰበሩት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሳይደብቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ኦቲዝምና የማንበብ ችግር የተለያዩ ናቸው፤ ቤት ዘግቶ መደበቁ ግን አንድ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ቢያርፉም «የእኔም ልጅ» ብለው በመናገራቸው ልጃቸውን ከጓዳ ያወጡ እናቶች አሉ።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሕጉ ከወላጅ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በ1990 ስሙ የተለወጠው የፌዴራል ሕግ፣ የመማር ችግር አለበት ተብሎ የሚጠረጠር ልጅ በነፃ እንዲመረመር ያዛል። ወላጅ ካልፈረመ የመጀመሪያው ምርመራ በቀጥታ አይጀመርም፤ ልዩ ድጋፉም ያለ ፈቃዱ አይሰጥም። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማግኘት መብት ነው። በቨርጂኒያ ጥያቄው ለሚመለከተው ኃላፊ ከደረሰ በኋላ ምርመራው በ65 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። የአሌክሳንድሪያም ሆነ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁም ይህን ልብ በሉ።

አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። የእኛ ልጅ ማንበብ ሲዘገይ «እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ነው» ተብሎ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። በተቃራኒው እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ ችግር አለበት ሊባልም ይችላል፤ ይህን ሕጉ ራሱ ይከለክላል። «አማርኛውን ተዉትና ይሻለዋል» የሚል መካሪም አይጠፋም። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያ አያመጣም። ልጁ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራበትን ቋንቋ ነጥቀነው ምን ልናተርፍ ነው?

ስለዚህ ገና ሲደርስ ለአስተማሪዋ ካርድ እንጻፍላት። በአማርኛም ቢሆን ግድ የለም፤ ልጁ ያነብላታል። የረዳችሁን በስሙ ጥሩት፤ ለርዕሰ መምህሩም አንድ ኮፒ ስጡ፤ አለቃ ፊት መመስገን የማይወድ ሠራተኛ አላየሁም። ልጁ ገና ያልተመረመረ ወላጅ ካለ ደግሞ «ልጄ እንዲመረመር እጠይቃለሁ» ብሎ አጭር ደብዳቤ ይጻፍ። በቃል ከመጠየቅ በጽሑፍ ይሻላል። ቀን ይጻፍበት፤ አንድ ኮፒም ቤት ይቅር፤ 65ቱን ቀናት መቁጠር የሚቻለው ያኔ ነውና።